«ሶሪ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

የእንግሊዝኛ ተማሪ «ሶሪ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ «ይቅርታ» ብሎ ይፈታዋል። ይኽ ፍች ግማሹን ብቻ የያዘ ስለ ኾነ በለቅሶ ቤት ያሳፍራል። አባቱ ለሞተበት ሰው አንድ እንግሊዛዊ «አይ አም ሶሪ» ቢለው፥ ኀዘንኽ አሳዘነኝ ማለቱ ነው እንጂ በድያለኹና ማረኝ ማለቱ አይደለም። አስተርጓሚው «ይቅርታ አድርግልኝ ይላል» ብሎ ቢናገር ግን ኀዘንተኛው፥ በአባቴ ሞት የዚኽ ሰው እጅ አለበት ይኾን ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። በዚኽ ስፍራ «እግዚአብሔር ያጽናኽ» ብሎ መተርጐም ይገባል።

የቃሉ ሥር ነገሩን ይገልጸዋል። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር እንግሊዝን ከመያዛቸው አስቀድሞ ቃሉ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ ይኸውም ቍስልና ሕመም ማለት ከኾነው «ሳር» የወጣ ነው። እንግዲኽ «ሶሪ» በመጀመሪያ ልቡ የቈሰለ ማለት ነበር። ኀዘን ማለት የኾነው «ሶሮ» በድምፅ ቢመስለውም ከሌላ ሥር የተገኘ ነው። በደሉን የሚያስብ ሰው ልቡ ይቈስላልና ቃሉ ለይቅርታም ዋለ።

በናይጄሪያና በኬንያ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች፥ መንገደኛ ሲደናቀፍ ቢያዩ፥ እነርሱ ባይገፉትም «ሶሪ» ይሉታል። ይኽን ለተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መኼድ አያሻም፤ እናቶቻችን ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» የሚሉት ለዚኹ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ቃሉ እጅግ ቀሏል፤ ነገሩን ያልሰማ ሰው የድምፁን መጨረሻ አንሥቶ «ሶሪ?» ቢል፥ ምን አልኽ ማለቱ ብቻ ነው።