ሞተሩ የቆመ አሮጌ ትራክተር ገዝቶ ስለ ማደስ
ለከተማ ነዋሪዎችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት



ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውለው እንደሚሻል መጠየቁ የቆየ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከዚህ ጥያቄ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ይኸውም ከብዙ ዓመት ወዲህ ከአንድ ግቢ ጥግ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን፥ ሞተሩ የማይነሣውን ትራክተር በርካሽ ገዝቶ ማደስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከሐርጌሳና ከዋሄን ገበያ፥ ከዚያም በስተ ምዕራብ እስከ ወጃሌ ከሚዘረጋው የእርሻ አገር ነው።

ዋሄን የሐርጌሳ ከተማ ዋና ገበያ ነው። ጨርቁ፥ ወርቁ፥ የቤት ዕቃው፥ የምግብ ሸቀጡ ሁሉ በዚያ ተከማችቶ ይሸጥ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር ኤፕሪል 1 ቀን 2022፥ ሲመሽ የተነሣው እሳት ሌሊቱን ሁሉ ሲነድ አድሮ ወደ 2000 የሚጠጉ ሱቆችንና የንግድ መደቦችን አጠፋ። 28 ያህል ሰዎች ሲጐዱ፥ የሞተ ሰው ግን አልተነገረም። መተላለፊያዎቹ ጠባብና በሸቀጥ የተጨናነቁ ስለ ነበሩ የእሳት አደጋ መኪናዎች እንደ ልብ ሊገቡ አልቻሉም። ከነጋዴዎቹም አብዛኞቹ የመድን ዋስትና አልነበራቸውም።

ይህን ማንሣታችን ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። የሀብት ዓይነት ለምን እንደሚለያይ ስለሚያስረዳ ነው። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ ከእሳቱ በፊት ባለጠጋ ነበር፤ ነገር ግን ባለጠግነቱ በሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ባለ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከእሳቱ በኋላ የቀረው፥ ሰው የተበደረውና በእጁ የነበረው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ነጋዴ፥ ወይም ደግሞ ከጅግጅጋ ወደ ሐርጌሳ የሚመላለስ የእኛ አገር ሰው፥ በቀረችው ገንዘብ ምን ላድርግ ሲል አንድ ዘመዱ መጥቶ፥ «በገብሌይ መንገድ አንድ የቆመ ማሲ ፈርጉሰን አለ፤ ባለቤቱ በትንሽ ዋጋ ይለቀዋል፤ አስነሥተን በሰዓት እናከራየዋለን» አለው እንበል። ምክሩ መልካም ነውን?

ምክሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ በአረብሲዮ፥ በገብሌይና በወጃሌ ያለው ሜዳ ማሽላና በቆሎ የሚዘራበት ነው። ገበሬው በበሬም ያርሳል፤ ነገር ግን ትራክተር የሌለው ሰው ባለ ትራክተሩን በሰዓት ተከራይቶ ማሳረስ በዚያ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ስለዚህ ደኅና ትራክተር ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ጥያቄው ሥራ ይኖራልን የሚለው አይደለም፤ ሥራው በመጣበት ሳምንት መኪናው ይነሣልን የሚለው ነው።

ስለዚህ ነገር ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። በዚያ አገር ዋናው ዝናብ ጉ የሚሉት ነው፤ ከመጋቢት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ቀጥሎ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከረን የሚሉት ይመጣል። መሬቱ ሲረጥብ ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ ትራክተር ይፈልጋል፤ እርጥበቱ ሲያልፍ ማንም አይፈልግም። እንግዲህ በሚያዝያ የናፍጣው ፖምፓ የተበላሸበት ሰው የሚያጣው የአንድ ሳምንት ኪራይ ብቻ ሳይሆን ከዓመቱ ገቢ ትልቁን ክፍል ነው። መኪናውን በሰኔ ቢያስነሣው የሚያርሰው ነገር አያገኝም። ይህን የማያስብ ገዢ ዋጋውን ሲከራከር ይውላል እንጂ ዕቃውን አይመረምርም።

በኤውሮጳና በአሜሪካ አሮጌ ትራክተር ገዝቶ ማደስ ለብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከ500 ሺህ በላይ የተሠራው ግራጫው ፈርጉሰን ዛሬ በብዙ ቦታ ቀለሙ ታድሶ በትርኢት ላይ ይታያል። ያደሰው ሰው በላዩ ያወጣውን ገንዘብ አይቈጥርም፤ ደስ ብሎታልና። የእኛ ገዢ ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። በሐርጌሳ አደባባይ በሐውልት ላይ የተሰቀለ አንድ የጦር አውሮፕላን አለ። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ መደብደቧን እንዲያስታውስ የቆመ ነው። የማይበር አውሮፕላን ለመታሰቢያነት ይበቃል፤ የማያርስ ትራክተር ግን ለዚህ እንኳ አይሆንም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ።

መጀመሪያ የሚታየው ስሙና ቍጥሩ ነው። ዓይነቱ በአገሩ የበዛ መሆኑ ከሞተሩ ጤንነት ያነሰ ነገር አይደለም። ለምሳሌ ማሲ ፈርጉሰን 135 የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ሲሆን፥ የናፍጣው ዓይነት ባለ ሦስት ሲሊንደር፥ 2 ሊትር ተኩል የሆነ የፐርኪንስ ሞተር አለው። የዚህ ቤተ ሰብ ትራክተሮች በፓኪስታን ሚላት በሚባለው፥ በሕንድም ታፌ በሚባለው ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ስለ ኖሩ መለዋወጫው አልጠፋም፤ በዱባይ በኩል ወደ በርበራ ወደብ፥ ከዚያም ወደ ሐርጌሳ ማስመጣት ይቻላል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ የመንግሥት እርሻዎች ዘንድ የታወቀው ቤላሩስ አለ፤ ናዝሬት ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጥመው ስለ ነበር አሠራሩን የሚያውቁ መካኒኮች በአገራችን አይጠፉም። ከነዚህ ውጭ የሆነ፥ በአካባቢው አንድ ብቻ የሚገኝ ትራክተር ግን ምንም ያህል ቢያምር፥ በነጻ እንኳ ቢሰጥ፥ አንድ የማርሽ ጥርስ በተሰበረበት ቀን ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግማሹ ውሳኔ በዚህ ያልቃል።

ሁለተኛው፥ ሞተሩ ይዞራልን ወይስ ተጣብቋል? ቆሟል ማለትና ተጣብቋል ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። የቆመ ሞተር ባትሪ ስለ ሌለው፥ ናፍጣው ስለ ቆሸሸ ወይም አየር ስለ ገባበት ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጣበቀ ሞተር ግን ፒስቶኖቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዘዋል። ለማወቅ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርጎ፥ ከፊት ባለው የዋናው ዘንግ ብሎን ላይ ረጅም ቍልፍ አስገብቶ በእጅ ማዞር ነው። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ብዙ ትግል ከዞረ መልካም ምልክት ነው። ካልዞረ በጒልበት መታገል አይገባም፤ የናፍጣ መርጫዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፍስሶ ጥቂት ቀን መተው፥ ከዚያ እንደገና መሞከር ነው። የቸኮለ ሰው በሌላ መኪና አስጐትቶ ሊያስነሣው ይሞክርና የፒስቶኑን ዘንግ ያጣምማል፤ በትንሽ ዘይት የሚድነው በብዙ ገንዘብ የማይድን ይሆናል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ 16 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲጨመቅ ራሱ ይግላል፤ በዚህ ግለት ናፍጣው ይቃጠላል። ስለዚህ የፒስቶኑ ቀለበቶች ወይም ቫልቮላዎቹ ያለቁበት ሞተር አየሩን አፍኖ መያዝ ስለማይችል፥ አዲስ ባትሪ ቢደረግለት እንኳ በቀላሉ አይነሣም። ሻጩ «ባትሪ ብቻ ነው የጐደለው» ሲል ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ባትሪ ብቻ የጐደለው ቢሆን ኖሮ ሻጩ ራሱ ከጎረቤት ተውሶ አስነሥቶ በእጥፍ ዋጋ ይሸጠው ነበር።

ሦስተኛው ዘይቱ ነው። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ማየት ምንም አያስከፍልም። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፥ ወይ ብረቱ ተሰንጥቋል። በቀዝቃዛ አገር የሞተር ብረት የሚሰነጠቀው ውሃው በረዶ ሲሆን ነው፤ በሐርጌሳ ግን የሚሰነጠቀው ራዲያተሩ በዝገትና በጨዋማ ውሃ ተደፍኖ ሞተሩ ሲግል ነው። ስለዚህ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየትም ያስፈልጋል። የካምቢዮውና የኋላ አክሱ ዘይት እንደዚሁ ይታይ፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ዓመታት ዝናብ የገባበት ካምቢዮ ከሞተሩ የከፋ ወጪ ያመጣል።

አራተኛው የናፍጣው ፖምፓ ነው። ይህ ክፍል እጅግ ረቂቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፥ አሮጌ ናፍጣ በውስጡ ደርቆ እንደ ሙጫ ከያዘው ልዩ መሣሪያ ባለው ሠራተኛ ካልሆነ በቀር በመንገድ ዳር ጋራዥ አይታደስም። ከሁሉ በፊት ግን ፖምፓው በቦታው መኖሩን ማየት ነው። የቆመ መኪና ቀስ በቀስ ይገፈፋልና፤ ዲናሞው ለአንዱ፥ የናፍጣ መርጫው ለሌላው ይሄዳል። ተነቃቅሎ በጆንያ የተሞላ ትራክተር «ዕቃው ሙሉ ነው» ቢባልም እንደ ጐደለ መቊጠር ይገባል።

የኋላ ጎማዎችን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። በፀሐይ የተሰነጠቁ እንደሆነ ዋጋቸው ትልቅ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የገንዘቡ ዓይነት ሽልንግም ይሁን ብር ወይም ዶላር ስለሚለዋወጥ፥ ያው ዓይነት ደኅና ሆኖ የሚሠራ ትራክተር የሚሸጥበትን ዋጋ 100 ክፍል ብለን እንነሣ። ቍጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ገበያ ዋጋ ይለውጣቸው። ሻጩ 35 ይጠይቃል። መካኒኩ ለፖምፓና ለመርጫዎች 12፥ ለፒስቶን፥ ለሲሊንደርና ለጓርኒሲዮን 15፥ ለሁለት የኋላ ጎማ 14፥ ለባትሪ፥ ለሞተሪኖና ለገመድ 5 ይገምታል፤ ድምሩ 46 ነው። ሞተር ሳይከፈት የተሰጠ ግምት ሁልጊዜ የሚያንስ ስለሆነ ግማሹን፥ ይኸውም 23 እንጨምርበት፤ 69 ይሆናል። በጭነት መኪና ለማምጣት 4፤ 73 ሆነ። ሻጩ የጠየቀው 35 ሲጨመር 108 ይመጣል። እንግዲህ «ርካሽ» የተባለው ከደኅናው ይበልጥ ተወደደ። ሲታደስ ያለፈውን ኪራይ በትንሹ 7 ብለን ብንቈጥር፥ ገዢው ሊሰጥ የሚገባው ትልቁ ዋጋ 100 ሲቀነስ 80፥ ማለት 20 ብቻ ነው።

ነገር ግን ያው ትራክተር በእጅ ሲሞከር ሞተሩ በደኅና የዞረ፥ አየር አፍኖ የያዘ፥ ፖምፓውም በመሣሪያ ተፈትኖ ደኅና የሆነ እንደሆነ የ12ና የ15 ወጪ ይቀራል። የቀረው ግምት 19 ነው፤ ግማሹ ሲጨመርበት 28 ተኩል፤ ከመጓጓዣውና ከቀረው ኪራይ ጋር 39 ተኩል። በዚህ ጊዜ እስከ 60 ድረስ ቢከፍል አይከስርም፤ ሻጩም የጠየቀው 35 ብቻ ስለሆነ ሳይዘገይ ሊገዛው ይገባል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል፤ የቆመ ትራክተር ሁሉ መጥፎ ነው አላልንም። በሁለቱ ሒሳቦች መካከል ያለው የ40 ክፍል ልዩነት የመጣው ጥቂት ቀን ከሚፈጅ ፍተሻ ነው። ለፍተሻው መካኒክ የሚከፈለው የቀን ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እንደ ምንም ነው፤ ሆኖም ብዙ ገዢዎች የሚቈጥቡት እርሱን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሁለት የቆሙ አንድ ዓይነት ትራክተሮች ከተገኙ ሁለቱን ገዝቶ ከሁለቱ አንድ ማውጣት ብዙ ጊዜ አንዱን በአዲስ መለዋወጫ ከማደስ ያንሳል። የተረፈውም አካል ለብዙ ዓመት የራስ መጋዘን ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፥ ወደ ዋሄኑ ነጋዴ እንመለስ። በእጁ ያለው 100 ቢሆንና ለግዥና ለእድሳት 80 ቢያወጣ፥ ከእድሳቱ መካከል አንድ ያልታሰበ ስብራት ሲመጣ የሚያቆመው ገንዘብ ስለማይኖረው፥ የተፈታ ሞተር ይዞ ይቀራል። ግማሽ የታደሰ ትራክተር ካልታደሰው በርካሽ ይሸጣል፤ ገዢው ተፈትቶ ያየውን አያምንምና። ስለዚህ ካለው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ብቻውን አይግባ። ሦስት ወይም አራት ዘመዳሞች ወይም የዕቁብ ባልደረቦች ተባብረው ቢገዙት ይሻላል፤ ነገር ግን ማን እንደሚነዳው፥ ገቢውን ማን እንደሚይዝ፥ ሲሰበር ማን እንደሚያዋጣ ከግዥው በፊት ይጻፍ።

የወረዳ ሹማምንትን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አሮጌ መኪና ብዙ ባለቤት ኖሮት ያልፋል፤ በሐርጌሳ አካባቢ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ የአንዱን ሌላው ሸጦት ሊገኝ ይችላል። ትራክተሩ ሲታደስና ዋጋ ሲያወጣ የቀድሞ ባለ መብት ነኝ የሚል ይነሣል፤ ቆሞ ሲዝግ ግን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎች በተገኙበት፥ የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ፥ ሻጩና ሁለት ዋሶች ይፈርሙ። ከወሰን ወዲህ ለማምጣት የታሰበ እንደሆነ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የጒምሩክ ቢሮ ይጠየቅ። ቀብዱም ቢሆን ከሞተሩ ፍተሻ በፊት አይሰጥ፤ ሻጩ ሞተሩን በእጅ ማዞርን ከከለከለ ደግሞ ገዢው ዋጋ መጠየቁን ትቶ ወደ ቤቱ ይመለስ።