መሸብኝ አትበሉ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት፣ አመሻሽ ላይ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ቱቲ ደሴት እሻገር ነበር። ከደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ አባያችን ከነጭ አባይ ጋር ሲገናኝ ይታያል፤ ሱዳኖቹ ቦታውን «ሞግራን» ይሉታል፣ መገናኛ ማለት ነው። ክረምት ላይ ከጎጃምና ከወሎ አፈር ጠርጎ የወረደው ውሃ ቡና መስሎ፣ ከገረጣው ነጭ አባይ ጋር ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ይጓዛል። ጀምበር የምትጠልቀው ማዶ፣ በኦምዱርማን በኩል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ፀሐይዋ እንደጠፋች «በቃ መሸ» ብዬ እሄድ ነበር። ስንቱን ምሽት አባከንኩ! ምርጡ ብርሃን የሚመጣው እኮ ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሰማዩ ከታች ብርቱካናማ፣ ከላይ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወንዙም ያንኑ ይደግመዋል። ካርቱም ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ግን ይህ ብርሃን ከ25 ደቂቃ አይዘልም። ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ እጥፉን ያህል ይቆያል።

ስለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ይቁም፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ እጃችሁ እንዳይነቀንቀው የ2 ሰከንድ ቆጣሪ። ሲጨልም ሹተሩን አርዝሙት። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ካሜራ በራሱ ከተተወ ምሽቱን ቀን ሊያስመስል ይሞክራል፤ ሰማዩም ነጥቶ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን አንድ ደረጃ ቀንሱ። በስልክ ከሆነ ደማቁን ሰማይ በጣታችሁ ነክታችሁ ወደ ታች ሳቡ። የጨለመውን በኋላ ማፍካት ይቻላል፣ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም።

40 ዓመት ሲሞላቸው «ከእንግዲህማ መሸብኝ» የሚሉኝን ወዳጆቼን ወንዝ ዳር ይዣቸው ብሄድ ደስ ይለኛል።

አንድ ምሽት አጠገቤ ሻይ የምታፈላ የሀገሬ ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ጨልሞ የለ እንዴ፣ ምን ይታይሃል?» አለችኝ። «እህቴ፣ ነይ እዪው» ብዬ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋት። ሰማዩ ሐምራዊ፣ ውሃው መስታወት፣ ከጥግ ደግሞ የእሷ ከሰል ፍም፣ ሁለት ቀያይ ነጥብ። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማንደጃዋን ወደ ውሃው አስጠግታ በማራገቢያዋ ፍሙን ቀሰቀሰችና፣ «በል ድገመው» አለችኝ።