«ተሠርቷል» እና «ተሠርቶ ነበር»

የአንድን መንገድ ታሪክ በድርሰት ስትገልጹ የግሡን ጊዜ አስተውሉ። «በመንገዱ ዳር የሣር ክዳን ቤት ተሠርቷል» ብትሉ፣ አንባቢ ቤቱ ዛሬም እንደ ቆመ ይረዳል። «ተሠርቶ ነበር» ብላችሁ ብትተዉት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፈረሰ ይቈጥረዋል፤ አንዲት «ነበር» ቤት ታፈርሳለች! ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቶ ግድግዳው ካለ፣ «ክዳኑ ሣር ነበር» በሉ እንጂ ቤቱን አታጥፉት።

ደብረ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ከመያዟ በፊት «መንቆረር ትባል ነበር»። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በደብረ ኤልያስ ግን የቅኔው ትምህርት ስላልተቋረጠ፣ «ሲሰጥ ኖሯል» እንላለን።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ መንገድ ዳር ሦስት ቤቶችን ምረጡ። ቀድሞ ምን እንደ ነበሩ አረጋውያንን ጠይቃችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።