ቃሉን አንብበን ምሥጢሩን እንዳናጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናውቀው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ንባቡ አልጠፋውም፤ የጠፋው ምሥጢሩ ነው። ፊልጶስ ቀርቦ ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ።

እኛም በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነን። ፑት የሚለውን ቃል እናውቃለን፤ ኦፍ የሚለውንም እናውቃለን፤ ሁለቱ ተጣምረው ሲመጡ ግን ግራ ይገባናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህ ችግር በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚቀር አይደለም።

እንዲህ ያለው ጥምር ግሥ ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። አንድ የታወቀ ግሥ አፕን፣ ኦፍን፣ ኢንን ወይም አፍተርን ከመሰለ ትንሽ ቃል ጋር ይጣመርና ሌላ ትርጉም ይወልዳል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአማርኛችን «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ» ስንል ሰውየው ምንም የተናገረው ነገር የለም። «እጅ ነሣ» ማለት አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ፣ «እጅ ሰጠ» ማለትም ተሸነፈ ማለት ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ቃል በቃል ቢተረጉመው «እጁን ለማን ሰጠ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እነዚህን አባባሎች ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የተማርነው በዝርዝር አጥንተን ሳይሆን፣ በኑሮ መካከል ሲነገሩ ሰምተን ነው። የእንግሊዝኛውንም በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በታሪክ ውስጥ አድርገን ብንማረው ይቀለናል። ስለዚህ ሦስት አጫጭር ታሪኮችን እንመልከት።

1ኛ. የቅዳሴ ጠዋት

አንድ ወጣት እሑድ ሌሊት የደወል ድምፅ ሰምቶ ነቃ፤ ይህ ዌክ አፕ ነው። ነቅቶ ግን ብርድ ልብሱን እንደ ተከናነበ ቆየ። ከመኝታው የተነሣው እናቱ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠራው ነው፤ ይህ ጌት አፕ ነው። ነጠላውን ለበሰ፤ ፑት ኦን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ጉዞ ጀመረ፤ ሴት ኦፍ። ከደጃፉ ደርሶ ጫማውን አወለቀ፤ ቴክ ኦፍ። ይኸው ቴክ ኦፍ ከኮምቦልቻ ለሚነሣ አውሮፕላን ሲነገር ግን ከመሬት ተነሥቶ በረረ ማለት ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጉሙን የሚለየው ታሪኩ ነው።

2ኛ. የጠፋችው ፍየል

አንዲት ልጅ በሐይቁ ዳር የቤተሰቧን ፍየሎች ትጠብቃለች፤ መጠበቅ፣ መንከባከብ ሉክ አፍተር ነው። ከመካከላቸው አንዲቱ ጠፋች። ልጅቱም ታናሽ ወንድሟን የቀሩትን እንዲጠብቅ አዝዛ እርሷ የጠፋችውን ልትፈልግ ሄደች፤ የጠፋን መፈለግ ሉክ ፎር ነው። ወንድምየው ሉክ አፍተር፣ እኅትየው ሉክ ፎር አሉ ማለት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ ጠፋው በግ ያስተማረውን ምሳሌ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ልዩነት አይረሳውም። የማናውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ማውጣት ደግሞ ሉክ አፕ ይባላል።

3ኛ. የፈተናው ማስታወቂያ

አንድ ተማሪ የሰኞው ፈተና እስከ ሐሙስ ፑት ኦፍ መደረጉን የሚገልጽ ማስታወቂያ አነበበ። ቀደም ሲል ኮል ኦፍ ማለት ጭራሽ ተሰረዘ፣ ቀረ ማለት መሆኑን ተምሮ ነበርና፣ ኦፍ የሚለውን ብቻ አይቶ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ፈተናው ቀረ ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ጓደኞቹ ሲፈተኑ እርሱ አልነበረም። ፑት ኦፍ ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው እንጂ ቀረ ማለት አይደለም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ለፈተናውም ተዘጋጅቶ ነበር። የብዙ ሳምንት ድካሙን ያስቀረበት የአንድ ቃል ትርጉም ነው።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱን ጊቭ አፕ ሊያደርግ፣ ማለትም ተስፋ ቆርጦ ሊተው አሰበ። ጓደኛው ግን ካሪ ኦን፣ ቀጥል እንጂ አለው። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጊቭ አፕ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ትምህርቱን ጊቭ አፕ ያደረገ ይጎዳል፣ ጫትንና ሲጋራን ጊቭ አፕ ያደረገ ግን ይጠቀማል።

አንድ ሕግ እንጨምር። ጫማን በስሙ ስንጠራ ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ ወይም ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ ማለት እንችላለን። በተውላጠ ስም ሲሆን ግን ተውላጠ ስሙ መካከል መግባት አለበት፤ ቴክ ዜም ኦፍ እንላለን እንጂ ቴክ ኦፍ ዜም አንልም። ሉክ አፍተርና ሉክ ፎር ግን አይነጣጠሉም፤ ሉክ አፍተር ዜም እንላለን።

እኛ የሐይቅ ልጆች የዚህ አጠናን ምሳሌ ከደጃችን አለልን። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን ታላቅ የትምህርት ቦታ አደረጉት፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በአብነት ትምህርታችን ንባብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ከፍ ሲልም ትርጓሜ አለ። አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ መንገድ ሲፈታ ሰምተን ያደግን ወጣቶች፣ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ሦስት ትርጉም ስላለው ልንደነግጥ አይገባንም።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ እናድርግ፤

ሀ. በየሳምንቱ አምስት ጥምር ግሦች ብቻ እንምረጥ፤ ብዛት ያደክማል።

ለ. ከእያንዳንዱ ጎን የአማርኛውን ፍች ብቻ ሳይሆን፣ ከቤታችን፣ ከእርሻችን ወይም ከትምህርት ቤታችን የተወሰደ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጻፍ።

ሐ. ሁለት ሁለት ሆነን ታሪካችንን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንናገር። ያወቀው ላላወቀው ይምራ፤ ያላወቀውም እንደ ጃንደረባው ለመጠየቅ አይፈር።

መልመጃ። ሉክ አፍተርን፣ ሉክ ፎርን፣ ፑት ኦፍንና ጊቭ አፕን በአንድ ታሪክ ውስጥ አግቡና በሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ። ይህንን ግን ፑት ኦፍ እንዳታደርጉት አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።