ወድቆ የተነሳን ሰው አትተወው

የወንድሜ ልጅ፣ ሞተር ገዛሁ ብለህ ከደወልክልኝ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ክንድህ ቢመታ ያብጣል፤ ቆዳው ስለሚለጠጥ እብጠቱ ወደ ውጭ መውጫ አለው። የራስ ቅል ግን አጥንት ነው፣ አይሰፋም። ከውስጡ ከአሥር ስምንት እጁን አንጎል ይይዘዋል፤ የቀረውን ደምና የአንጎል ፈሳሽ ይካፈሉታል። ከግጭት በኋላ ደም ሲጠራቀም ወይም አንጎሉ ራሱ ሲያብጥ፣ መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪው እየወረደ፣ በደም ሥር ያለውም ደም እየሸሸ ቦታ ይለቃሉ። ሰውየው ለጊዜው ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚለቀቅ ቦታ ሲያልቅ ግን ጥቂት ደም ብትጨመር እንኳ ግፊቱ በአንዴ ያሻቅባል። በተኛ ጤነኛ አዋቂ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የማያልፈው ግፊት 22ን ሲዘል ሐኪሞች ለማውረድ ይረባረባሉ። ልብ ደሟን ወደ አንጎል የምታደርሰው ያንን ግፊት አሸንፋ ነውና፤ ካቃታት አንጎል ደም አጥቶ ይሞታል።

2. ስለዚህ ምንም አልሆንኩም ያለህን ሰው ለብቻው አትተወው። ተዋናይዋ ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2009 ካናዳ ውስጥ፣ ሞንት ትሬምብላንት ላይ በረዶ መንሸራተት ስትለማመድ ወደቀች። ደህና ነኝ ብላ ተነሳች፤ የመጣው አምቡላንስም ሳያያት ተመለሰ። ቆይቶ ራስ ምታት ጀመራት፤ በወደቀች በሁለተኛው ቀን አረፈች፣ በ45 ዓመቷ። ደሙ የተጠራቀመው በራስ ቅሏና በአንጎሏ ሽፋን መካከል ነበር። እንዲህ ያለ ደም በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

3. እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ የንግግር መዘባረቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፤ ከእነዚህ አንዱን ካየህ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል አድርሰው። ደክሞት ነው፣ ይተኛ የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አትስማው።

4. አንገቱን አታዙር። አስፕሪንም አትስጠው፤ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል።

5. ሄልሜትህን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ አትንዳ፤ አድርገው፣ ማሰሪያውንም ከአገጭህ ሥር እሰር። ከኋላህ ለምትጭነው ሰው ሁለተኛ ግዛ። ገንዘብ ካጠረህ ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ እገዛዋለሁ።