ጎርፍ ሲመጣ ውሻው ከማን ጋር ይሄዳል?

ከኒው ኦርሊየንስ እንጀምር

በኦገስት 2005 (ነሐሴ 1997 ዓ.ም.) ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊየንስን ሲመታ፣ ውሃውን ይገድቡ የነበሩት ግንቦች ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶው ገደማ በጎርፍ ተዋጠ። ብዙዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎችና አውቶቡሶች ሰው እንጂ እንስሳ አይጭኑም ነበር። «ውሻዬን ትቼ ንቅንቅ አልልም» ብሎ ውሃ በከበበው ቤት የቀረው ሰው ጥቂት አልነበረም። ከሱፐርዶም ስታዲየም ወጥቶ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል ስኖውቦል የተባለ ውሻውን የተቀማ አንድ ሕፃን ያለቀሰው ለቅሶ በጋዜጣ ወጥቶ አገር አነጋገረ።

በዓመቱ፣ በኦክቶበር 2006፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አንድ ሕግ ፈረሙ። ከፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ ገንዘብ የሚፈልግ ክፍለ ግዛት ወይም ከተማ በዕቅዱ ውስጥ የቤት እንስሳትንም ማካተት አለበት ይላል። ሕጉ ለእንስሳ ከማዘን ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። እንስሳው ካልወጣ ባለቤቱም እንደማይወጣ በዓይን ስለታየ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም መጠለያ እንስሳ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ አሜሪካ ያላችሁ የትኛው እንደሚቀበል ዛሬውኑ ጠይቁ።

ድመቷና ሳጥኗ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ድመትን ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው። ድመት ስትደነግጥ ወደ ሰው አትሮጥም፤ አልጋ ሥር ትገባለች። በዚያ ሰዓት ሳጥን ይዞ የሚያሳድዳት ሰው ተቧጭሮ ይመለሳል።

መላው ቀደም ብሎ ማለማመድ ነው። የመያዣ ሳጥኗን ሳሎን ጥግ በሩን ከፍታችሁ ተዉት። አሮጌ ሻርፕ አንጥፉበት፤ የእናንተ ጠረን ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ምግቧን መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ፣ በኋላም ከውስጥ ስጧት። ተዝናንታ መብላት ስትጀምር በሩን ለአፍታ ዘግታችሁ ክፈቱ። ብዙ ሰው ሳጥኑን የሚያወጣው ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ሲል ብቻ ስለሆነ፣ ድመቷ ገና ስታየው መርፌው ይታወሳታል። አደጋ ሲቃረብ ደግሞ አልጋ ሥር እንዳትገባ የመኝታ ቤቱን በር አስቀድማችሁ ዝጉ።

የግቢው ውሻ

አዲስ አበባ ውስጥ የጥበቃ ውሻ ብዙ ጊዜ ቀኑን ታስሮ ይውላል። እስቲ ሄዳችሁ ሰንሰለቱን እዩት። መንጠቆው ዝጎ አልላቀቅ ብሏል? ወይስ ጭራሽ ከብረቱ ጋር በሽቦ ተጠፍሯል? በክረምት ሌሊት ጎርፍ አጥሩን ጥሶ ሲገባ ፒንሳ ፍለጋ የሚሮጥ አይኖርም። በአንድ እጅ የሚፈታ መንጠቆ ቀይሩለት። ይዛችሁት መውጣት ካልቻላችሁ እንኳ ፈጽሞ አስራችሁት አትሂዱ።

የደነገጠ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳያልፍበት ተጠንቀቁ፤ የክትባት ወረቀቱንም ከራሳችሁ ሰነድ ጋር አኑሩት። እንስሳ የሚቀበል መጠለያ በር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የሚያዝ ነገር

ምግብና ውሃ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ከተቻለ ለሁለት ሳምንት፤ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እሱም፣ ማሰሪያና ሳህንም። ከእንስሳው ጋር አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ደግሞ «የኔ ነው» ለማለት ይጠቅማል።

ቺፑ የሚሠራውና የማይሠራው

የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳው ሥር ትገባለች። ባትሪ የላትም፤ እንስሳው የት እንዳለም አትጠቁምም። የያዘችው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የሚነበበውም መሣሪያ ሲጠጋው ነው። ስልክ ቀይራችሁ በቺፑ ቁጥር ሥር የተያዘውን መዝገብ ካላሳደሳችሁ ግን ያገኘው ሰው የሚደውለው ወደማይሠራ ቁጥር ይሆናል። ቺፕ በማይገኝበት አገር የአንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥር መጻፍ በቂ ነው፤ በማይለቅ ቀለም ይሁን እንጂ።

ሥራ ላይ ሳላችሁስ?

አደጋው እናንተን ቤት አይጠብቅም። ከአንድ ጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፣ ቁልፍ ስጡት፣ መድኃኒቱና ማሰሪያው የት እንዳለ አሳዩት። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤቱ ብቅ እያለ ውሻውን በእጁ ያብላው። ቁልፍ ይዞ የመጣውን ባዕድ የጥበቃ ውሻ ከበር ይመልሰዋል።