አዲስ እትም ነባር ደንበኛን ሲያስኮርፍ
የአሜሪካው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ኩባንያ፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ወክለው የሚጫወቱትን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አራተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ አቀረበ። ደንቡ ከቀድሞው እጅግ በመለየቱ ብዙ ደንበኞች አኮረፉ፤ ገንዘብ ያወጡባቸው መጻሕፍት ለአዲሱ እትም አልሆን አሏቸው።

ተፎካካሪው ፓይዞ፣ ዊዛርድስ ራሱ ቀደም ሲል ለማንም ክፍት ባደረገው ፈቃድ ተጠቅሞ የድሮውን ደንብ አሻሻለ፤ በ2009 «ፓዝፋይንደር» ብሎ አወጣና አኩራፊዎቹን ሰበሰበ። ዊዛርድስም ከ2012 ጀምሮ ረቂቁን በተጫዋቾች አስሞክሮ፣ አስተያየታቸውን ተቀብሎ አምስተኛውን እትም በ2014 አሳተመ፤ ገበያውም ተመለሰለት።

ተጫዋች ከአዲስ እትም የሚሻው የጠራ ደንብ ነው፤ የለመደውን ጨዋታ ግን እንዲነጥቁት አይፈልግም። ለነጋዴውም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ዕቃ ከመለወጥዎ በፊት ነባር ደንበኛዎን ይጠይቁ፤ እርስዎ ካልጠየቁት ጎረቤት ሱቅ ይጠይቀዋል።